እንግዳው ሲሄድ ምን ይቀራል?

«የባህል ልውውጥ» የሚለውን ቃል ሁላችንም እንሰማዋለን፤ እንናገረዋለንም። የውጭ አገር ሙዚቀኛ ወይም ዳንሰኛ መጥቶ ትርዒት ሲያሳይ «ልውውጥ ተደረገ» ይባላል። የኛ ቡድን ባሕር ተሻግሮ እስክስታ ወርዶ ሲመለስም እንዲሁ። ለመሆኑ ልውውጥ ማለት ምን ማለት ነው? ገበያ እንውረድና እንየው። በርበሬ ይዞ የመጣ ሰው በርበሬውን በጨው ይለውጣል፤ ሁለቱም አንዳች ነገር ይዘው ወደየቤታቸው ይገባሉ። ባዶ እጁን የመጣ ግን ወይ ይለምናል ወይ ቆሞ ያያል እንጂ አይለዋወጥም። የኪነ ጥበብ ልውውጥም ሕጉ ይኸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ሦስት እውነተኛ ምሳሌዎች አንሥተን፣ ነገ ክፍል ውስጥ ለምንቆመው ለኛ ምን እንደሚያስተምሩን እንመረምራለን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1ኛ/ የመጣ ዕቃ የኛ የሚሆነው እንዴት ነው?

በ1924 ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት የነሐስ መሣሪያ ነፊዎች እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። በኋላም የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን የአገራችንን ሙዚቀኞች በማሠልጠን ብዙ ደክመዋል።

አሁን ወደ ሌላ ሰው እንሻገር። ጌታቸው መኩሪያ በ1935 ይፋት ተወለዱ። በልጅነታቸው የያዙት ክራርና ማሲንቆ ነበር። በ1949 ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍል ገቡ፤ ክላርኔትና ሳክስፎንም ለመዱ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የተለመደ ነው፤ የውጭ መሣሪያ መጣ፣ የኛ ልጅ ተማረው። ጋሽ ጌታቸው ግን እዚያ ላይ አልቆሙም። ጀግና ወደ ጦር ሜዳ ሲወርድ የሚያሰማውን ሽለላ በሳክስፎን ነፉት። ጎፈር ደፍተው መድረክ ላይ ቆመው ሲነፉ መሣሪያው የፈረንጅ፣ ድምፁ ግን የአገር ሰው ጉሮሮ ነበር። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የተማሩትን ብቻ መልሰው ቢነፉ ኖሮ ጎበዝ ተማሪ ይባሉ ነበር። የራሳቸውን ስለጨመሩበት ግን መምህር ሆኑ።

2ኛ/ እንግዳው ተማሪ ሲሆን

ዘ ኤክስ የሚባል የሆላንድ ባንድ አለ። በ1979 የተመሠረተ ሲሆን የሚጫወተውም ፓንክ የሚባለውን፣ ጊታሩ የሚጮህበትን ሸካራ ሙዚቃ ነው። ይህ ባንድ በ2002 ወደ አገራችን መጥቶ ትርዒቱን አሳየ። በ2004 25ኛ ዓመቱን አምስተርዳም ላይ ሲያከብር ጋሽ ጌታቸውን ጋበዛቸው። ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ነገር የመጣው። «ለሚቀጥለው ሥራዬ አጃቢዬ ሁኑ» ብለው የጠየቁት ጋሽ ጌታቸው ራሳቸው ናቸው! በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተሰኘው አልበም ወጣ። በ2012 ደግሞ ሌላ ጨመሩ። በብዙ የአውሮፓ መድረኮችም አብረው ታዩ። ጋሽ ጌታቸው በ2016 አረፉ።

እዚህ ላይ ሦስት ነጥቦች እንያዝ። አንደኛ፣ ጠያቂው ባለ ዜማው ነው። ሁለተኛ፣ ሆላንዶቹ በኛ ቅኝትና በኛ ምት ውስጥ መግባት ነበረባቸው፤ ማለትም እንግዶቹ ተማሩ። ሦስተኛ፣ ሆላንዶቹ ሐበሻ ለመምሰል አልሞከሩም፤ ጩኸታቸውን እንደያዙ መጡ። ሽለላና ፓንክ የተገናኙት ሁለቱም የቁጣና የወኔ ድምፅ ስለሆኑ ነው። አንዱ ሌላውን ለመምሰል ቢሞክር ግን ሁለቱም ይጠፉ ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅም እኮ!

3ኛ/ ሠልጣኙ አሠልጣኝ ሲሆን

ሦስተኛው ምሳሌ ለኛ ሙያ ይበልጥ ይቀርባል። በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የዳንስ ባለሙያ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ከ100 በላይ የጎዳና ልጆችን ይዞ በጀርመናዊው ካርል ኦርፍ ሙዚቃ በ«ካርሚና ቡራና» ትልቅ ትርዒት አዘጋጀ። ነገሩ በዚያ ምሽት ጭብጨባ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ባላነሣነው ነበር። ግን አላበቃም። ከልጆቹ መካከል ተመርጠው «አዱኛ» በሚባለው የዳንስ ቡድን ዓመታት የወሰደ ሥልጠና ያገኙ ነበሩ። ዘመናዊውንም የአገር ባህሉንም ዳንስ ተማሩ፤ ከዚያም ለሌሎች ማስተማር ጀመሩ። አደም ቤንጃሚን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ በመጣ ጊዜም አካል ጉዳተኛ ወጣቶች አብረው የሚደንሱበት ሥራ ተጀመረ።

ከዚያው ቡድን የወጣው ጁናይድ ጀማል ሰንዲ ለ2004–2005 የሮሌክስ መርሐ ግብር ታጭቶ በታዋቂው ጃፓናዊ የዳንስ ሰው በሳቡሮ ተሺጋዋራ ሥር ተማረ። በኋላም ከአዱኛ ጓደኛው ከአዲሱ ደምሴ ጋር «ዴስቲኖ» የተባለውን የዳንስ ቡድን አቋቋሙ። መጀመሪያ የመጣው እንግዳ ከሄደ በኋላ እንግዲህ አስተማሪ ቀረ ማለት ነው። የልውውጥ መለኪያውም ይህ ነው እንላለን።

4ኛ/ ልውውጡ የሚበላሸው የት ላይ ነው?

ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ከእንግዳው አገር ይመጣል። ስለዚህም ርዕሱንም፣ ጊዜውንም፣ ተሳታፊውንም የሚመርጠው እንግዳው ይሆናል። አስተናጋጁ አዳራሽ ይጠርጋል፤ ወንበር ይደረድራል። ሦስት ቀን ሥልጠና ይሰጣል፤ ሰርተፊኬት ይታደላል፤ ፎቶ ይነሣል፤ በቃ። በሳምንቱ ሠልጣኙን «ምን ተማርክ?» ብንለው አንድ ሁለት እንቅስቃሴ ያሳየናል። «ለምን እንዲህ ይደረጋል?» ስንለው ግን ዝም።

ጥፋቱ የእንግዳው ብቻ አይደለም። እኛም ውጭ ስንወጣ የጎጃሙን፣ የጉራጌውን፣ የኦሮሞውን፣ የትግራዩን ጭፈራ በ10 ደቂቃ ውስጥ ልብስ እየቀያየርን እናሳልፈዋለን። ተመልካቹ ያጨበጭባል፤ የለቅሶውን ከሠርጉ፣ የአጨዳውን ከጦርነቱ ሳይለይ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ማሳየት ነው እንጂ መለዋወጥ አይደለም። ይህን ስንል እንግዳ አይምጣ፣ እኛም አንሂድ ማለታችን አይደለም። ዝግጁ ሆነን እንገናኝ ማለታችን ነው።

5ኛ/ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች

ሀ) ሐሳቡን ማን አመጣው? የኛ ፍላጎት የት ላይ ገባበት?
ለ) ምን ይዘን እንቀርባለን? ዜማውን፣ ምቱን፣ ታሪኩን ለእንግዳው ማስረዳት የምንችል ነን?
ሐ) ጊዜው ለመማማር ይበቃል ወይስ ለፎቶ ብቻ?
መ) ሥራው ሲወጣ የማን ስም ይጻፍበታል? ገቢውስ እንዴት ይከፈላል? ይህ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተቀመጠ በኋላ ጠብ ነው።
ሠ) እንግዳው ከሄደ በኋላ ትምህርቱን ማን ይቀጥላል?

6ኛ/ በክፍል ውስጥ

አንዳንዶቻችን «ገጠር ለምመደብ ሰው ዓለም አቀፍ ልውውጥ ምኔ ነው?» እንል ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። ልውውጥ የሚለመደው አውሮፕላን ላይ ሳይሆን ዴስክ ላይ ነው። አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እንውሰድ። ከሳምንቱ በፊት ተማሪዎቹ ከአያታቸው ወይም ከጎረቤታቸው አንድ ዘፈን ወይም ጨዋታ ተምረው እንዲመጡ እናዛለን። በዕለቱ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች አንደኛው ያስተምራል፤ በቀጣዮቹ 10 ሌላኛው። ከዚያ በ15 ደቂቃ ከሁለቱ አንድ አዲስ ነገር ይሠራሉ። በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች «ከማን ምን ወሰድክ? የራስህ የቱ ነው?» ብለን እንጠይቃለን። የአካባቢውን ማሲንቆ መቺ ጋብዘን ብናስተምርበት ደግሞ ይበልጥ ያምራል፤ ሲጋበዝ ግን እንደ መምህር እንጂ እንደ ማዳመቂያ አይሁን።

እንዲህ የሠለጠነ ልጅ ነገ የትም አገር ከማንም ጋር መድረክ ላይ ቢቆም የሚሰጠው አያጣም፤ የሚቀበለውንም ይለያል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በ«ማሳየት» እና በ«መለዋወጥ» መካከል ያለውን ልዩነት ከምታውቁት ትርዒት ምሳሌ ሰጥታችሁ አስረዱ።
2. ጋሽ ጌታቸው አጃቢዎቻቸውን ራሳቸው ባይጠይቁ ኖሮ ሥራው በምን ይለይ ነበር?
3. በተወለዳችሁበት አካባቢ ለእንግዳ ባለሙያ ልታስተምሩት የምትችሉት አንድ ነገር ምንድን ነው? እናንተ ራሳችሁ በሚገባ ታውቁታላችሁ?