ከቬጋስ ወደ ተራራ ለምትወጣ ልጅ

ልጄ፣ ተራራ መውጣት እንዳማረሽ ስሰማ ደስ አለኝ። ክላርክ ካውንቲ በ2023 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው ሰፈር ቡና የሚጠጡት እኩዮቼ ግን መሳቃቸው አይቀርም። «መኪና እያላት ያለ ጉዳይ ዳገት የምትወጣው ምን ሆና ነው?» ይላሉ። አልፈርድባቸውም፤ አገር ቤት በእግር የሚኬደው ለገበያ፣ ለለቅሶ ወይም ለንግሥ ነበር። እኔ ከታክሲ ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እግሬ እነዚህን ሸንተረሮች ለምዷልና የማውቀውን ልንገርሽ።

1. መንገዱን ለዪ። የቻርለስተን ጎዳናን ይዘሽ ወደ ምዕራብ ብትነጂ የምትደርሺው ሬድ ሮክ ካንየን ነው። ቻርለስተን ተራራ ለመድረስ በ95 ወደ ሰሜን ወጥተሽ በ157 ወደ ካይል ካንየን ትታጠፊያለሽ። ስንቱ በስሙ ተታሎ ቀይ አለት ፊት ቆሞ ጥድ ፈልጓል! ለመጀመሪያ ቀን ሬድ ሮክ ይሻልሻል። ከኦክቶበር እስከ ሜይ መጨረሻ በቀኑ ክፍለ ጊዜ ለመግባት አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። የውስጡ መንገድ 13 ማይል፣ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ማቆሚያሽን ካለፍሽው ዞረሽ እንደገና መግባት ነው።

2. «ደጋ ነው ያደግኩት» የሚለውን ቤት ተዪው። ቬጋስ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ናት፤ በኛ አነጋገር ቆላ ናት። ወደ ሜሪ ጄን ፏፏቴ የሚወስደው የእግር መንገድ የሚጀምረው 2,400 ሜትር አካባቢ፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ነው። የቻርለስተን ጫፍ 3,632 ሜትር ነው፤ እንጦጦን ይበልጣል።

አንድ የደባርቅ ልጅ አብሮን ወጥቶ ነበር። በልጅነቱ የስሜንን ገደል ከፍየሎች ጋር እንዴት እንደዘለለው እያወራ ከፊት ከፊት ሄደ። መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ወሬው አጠረ፤ ትንሽ ቆይተን ስንደርስበት ጥድ ተደግፎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከንፈሩ ደርቆ አገኘነው። «ራሴን ነው» አለ፣ ሌላ ቃል አልወጣውም። ውሃ አጠጥተን፣ አሳርፈን፣ ይዘነው ወረድን።

ሰውነት ኦክስጅን በሳሳበት ደጋ ሲኖር ቀይ የደም ሴሎችን ያበዛል፤ ቆላ ወርዶ ሲከርም ይቀንሳቸዋል። የትውልድ ቦታሽን ደምሽ አያስታውስም። ስለዚህ ቻርለስተን በወጣሽበት የመጀመሪያ ቀን ግማሽ መንገድ ሄደሽ ተመለሺ። እየሄድሽ ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ደግሞ አትከራከሪ፣ ውረጂ።

3. ፏፏቴ ሲሉሽ ጢስ ዓባይን አታስቢ። እዚህ በረሃ ውስጥ ውሃ እንግዳ ነው፤ የሚመጣበት ወር አለው። ሬድ ሮክ ውስጥ ሎስት ክሪክ የሚባለውን ከበረዶው ወራት መጨረሻ እስከ ጸደይ ባለው ጊዜ ሂጂበት። ቀዩ አለት ወደ ፊት ጎብጦ ወጥቷል፤ ውሃው ከጫፉ እንደ ፈትል ቀጥኖ ይወርድና ከሥር ባለው ድንጋይ ላይ ይበተናል። መንገዱ ከአንድ ማይል ያንሳል፤ እናትሽ ከአገር ቤት ስትመጣ የምትወስጃት እዚያ ነው። ቀጥሎ ያለው አይስ ቦክስ ካንየን ግን ትልልቅ ቋጥኝ በእጅና በእግር መቧጠጥ አለበትና ለእናቶች አይሆንም። ሜሪ ጄን የምታምረው በረዶው ሲቀልጥ ነው። ኦገስት 2023 ላይ የሂላሪ ማዕበል ዝናብ ካይል ካንየንን ጠራርጎ መንገዶቹን ቆራርጧቸው አካባቢው ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር፤ ከቤት ሳትወጪ ክፍት መሆኑን የደን አገልግሎቱን ጠይቂ።

4. ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን አንድ ጋሎን ውሃ ይያዛል። ሁለት ሃይላንድ ቦርሳ ውስጥ ከቶ መሄድ ቀልድ ነው። ግማሹ ሲያልቅ፣ የትም ብትሆኚ፣ ፊትሽን ወደ መኪናሽ አዙሪ። ለስንቅ በሶና ቆሎ የሚያህል የለም፤ ጨው ጣል አድርጊበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምሺ የምትጾሚ ከሆነ ከጾሙና ከተራራው አንዱን ምረጪ። ጁላይ 7 ቀን 2024 ከተማዋ 120 ፋራናይት ደርሳ የሙቀት ሪከርዷን ሰብራለች። በእንዲህ ያለው ወር ሬድ ሮክን ረስተሽ ቀዝቀዝ ወዳለው ወደ ቻርለስተን ውጪ።

5. ከሌሊት ሺፍት ወጥተሽ በዚያው አትንጂ። ተኚ፣ ከዚያ ሂጂ።

6. ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር፣ ከኛ ክረምት ጋር በሚገጥመው ጊዜ፣ ደራሽ ጎርፍ አለ። ከበላይሽ ያለው ሰማይ ጥርት ማለቱ አያዘናጋሽ፤ ከሸንተረሩ ማዶ የዘነበው በደረቀው ወንዝ በኩል ይመጣል። ነጎድጓድ ከሰማሽ ከሸለቆው ውጪ፤ ጫፍ ላይ ከሆንሽም ቶሎ ውረጂ፣ መብረቁ አይምርም።

7. አህያ ታያለሽ። እኛ ስንጭናት የኖርነው አህያ እዚህ አገር በ1971 በወጣ የፌዴራል ሕግ የምትጠበቅ የዱር እንስሳ ናት። ቆሎሽን አታካፍያት፣ መመገብ ክልክል ነው።

8. ደክሞሽ ስትቀመጪ ድንጋዩን እዪው። ቀዩ ከ180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነፋስ የከመረው የአሸዋ ክምር ነበር፤ ሰያፍ መስመሮቹ የነፋሱ ሥራ ናቸው። ከበላዩ ያለው ግራጫው የኖራ ድንጋይ ግን በዕድሜ ከእሱ በብዙ ይበልጣል፤ ምድር ተገፍታ ሽማግሌውን ልጁ ላይ አወጣችው። ኪስቶን ይሉታል ስንጥቁን። አንድ ነገር ብቻ ልብ በዪ፤ ቀዩ ድንጋይ ዝናብ ሲጠጣ ይላላል፣ የጨበጥሽው ጫፍ እጅሽ ላይ ሊቀር ይችላልና እስኪደርቅ አትንጠላጠዪበት።

9. ሸለቆ ውስጥ ስልክ አይሠራም። የምትሄጂበትን መንገድ ስምና የምትመለሺበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ጽፈሽ ላኪ፤ ለእኔም ይሁን። ሰዓቱ በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ ለይተሽ ጻፊልኝ፤ «1 ሰዓት እመለሳለሁ» ብለሽ እኔ በፈረንጅ የቀኑን 1 ሰዓት ጠብቄሽ፣ አንቺ የማታውን ብለሽ እንደሆነ እኔ የነፍስ አድን ሰዎች ልጠራብሽ ነው።