ከዳሞታ ተራራ ስለ መውረድ



በሶዶ ከተማ የምትኖሩ፥ ይልቁንም በትምህርት ላይ ያላችሁ፥ ብዙዎቻችሁ በበዓል ቀን ወይም ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወራት ወደ ዳሞታ ተራራ የመውጣት ልማድ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ ለመጸለይ ትወጣላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ነፋሻ አየር ለመቀበልና አገር ለማየት ትወጣላችሁ፤ ይህም ነውር የለበትም። እኔም ከልጅነቴ ጀምሬ ወጥቼአለሁ፤ አሁን ጕልበቴ እየከዳኝ ቢሄድም መውጣቱን አልተውሁም። ነገር ግን ስለ መውጣት ብዙ ሲሰበክ ሰምቼ ሳለ ስለ መውረድ ሲነገር እምብዛም አልሰማሁም። ስለዚህ በዚህች ትንሽ ጽሑፍ ስለ መውረድ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ዳሞታን ላላየ ሰው ጥቂት ልናገር። ከተማችን ሶዶ በተራራው ግርጌ በደቡብ በኩል ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ የተራራው ራስ ግን ወደ 2,900 ሜትር ይጠጋል። ከከተማው ተነሥቶ የሚወጣ ሰው እንግዲህ 900 ሜትር ያህል ዳገት ይጠብቀዋል። መንገዱ መጀመሪያ በእንሰት ጓሮ መካከል ያልፋል፤ ከዚያም ወደ ባሕር ዛፍ ጥላ ይገባል፤ ወደ ላይ በተባለ መጠን ገብስና ድንች የሚዘራበት ብርዳማ አገር ይገኛል። አፈሩ ቀይ ነው፤ ዝናብ ከጣለበት በኋላ እግር ያንሸራትታል። ሰማዩ በጠራ ቀን በላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው የአባያ ሐይቅ ከሩቅ ይታየዋል፤ በምዕራብ በኩልም ምድሩ ወደ ኦሞ ወንዝ ሸለቆ እያዘቀዘቀ ይሄዳል። በክረምት ግን ተራራው ጉም ለብሶ ይውላልና የወጣው ሰው ከገዛ እግሩ በቀር የሚያየው ጥቂት ነው። እኔ ስለ ራሴ ብናገር የጉሙን ቀን እወድዳለሁ፤ ሰው ባለበት ስፍራ እንዲያስብ ያስገድደዋልና።

ከፍ ያለ ስፍራ ሁሉ ለእግዚአብሔር የቀረበ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። የሰማርያዪቱ ሴት በየትኛው ተራራ መስገድ እንደሚገባ ጌታችንን በጠየቀችው ጊዜ እርሱ ነገሩን ከተራራው ላይ አንሥቶ ወደ ሰጋጁ ልብ እንዳዞረው ያነበበ ሰው ይህን አሳብ ሊይዝ አይገባውም። ደግሞም በመጽሐፍ ቅዱስ ወደ ተራራ የወጡትን ሰዎች ተመልከቱ፤ አንዱም በዚያ እንዲቀመጥ አልተፈቀደለትም። ሙሴ ከሲና ሲወርድ ሕዝቡን በጥጃው ፊት ሲዘፍን አገኘው። ኤልያስ ደክሞትና ፈርቶ በኮሬብ ዋሻ ባደረ ጊዜ በዚያ ምን እንደሚያደርግ ተጠየቀ፤ ከዚያም ሥራ ተሰጥቶት በመጣበት መንገድ እንዲመለስ ታዘዘ። ጴጥሮስም የጌታን ክብር ባየ ጊዜ በተራራው ላይ ሦስት ዳስ ሊሠራ አሰበ። ዳሱ ግን አልተሠራም። በወረዱም ጊዜ የታመመ ልጁን የያዘ አንድ አባት፥ ሊፈውሱት ያልቻሉ ደቀ መዛሙርትና የሚከራከር ሕዝብ ቆየአቸው። እኔ ይህን ክፍል ባነበብሁ ቍጥር ያን አባት አስበዋለሁ፤ ለእርሱ በተራራው ራስ ላይ የበራው ብርሃን ምኑም አልነበረም፤ የሚጠብቀው የሚወርድለትን ሰው ነበረ።

የወላይታ ምእመናን አባቶቻችን ይህን ትምህርት በእግራቸው የተማሩት ነው። የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ሰዎች ወንጌልን ይዘው ወደ ወላይታ የመጡት በ1920 ዓ.ም ነበር። በ1929 ዓ.ም ኢጣልያኖች ከአገር ባስወጡአቸው ጊዜ ተጠምቀው የቀሩት ምእመናን 48 ያህል ብቻ ነበሩ። ከጠላት ወረራ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን ቍጥሩ ወደ 10,000 ደርሶ አገኙት። ይህ ስለ ምን ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ፥ መልሱ በስብከት ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን ዋንዳሮን የመሰሉ መሪዎች በሶዶ ታስረው ሲገረፉ፥ ወንድሞችና እኅቶች ከየገጠሩ ስንቅ ተሸክመው በእግራቸው እየመጡ ያበሉአቸው ነበር። ይህን ያዩ ያላመኑ ጎረቤቶች ለዘመድ ያልሆነ ሰው እንዲህ ያለ ፍቅር ከወዴት መጣ ብለው ተደነቁ። ኋላም ከእነዚሁ ምእመናን ወንጌላውያን ተነሥተው ወደ ጋሞ፥ ወደ ጎፋና ወደ ዳውሮ ተራሮች ወጡ፤ ወረዱም። እነርሱ ተራራን የሚያውቁት በዚህ መንገድ ነበር፤ ማዶው ሰው አለ ብለው ይሻገሩት ነበር እንጂ ለዕይታ አልወጡበትም።

ስለ ጎፋ ተራሮች ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ፥ ከብዙ ዝናብ በኋላ ምድር ተንዶ ቤተ ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤቶች ሰምተው ሮጡ፤ መሣሪያ ላልነበረው መሣሪያው እጁ ነበር። እነርሱ ጭቃውን እየቈፈሩ ሳሉ ምድሩ ዳግመኛ ተናደና ለመርዳት የመጡትን ቀበረ። ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ለማዳን የወጡት ነበሩ። አንዳንድ ሰው ቸኵሎ ይህ የእገሌ ኀጢአት ቅጣት ነው ሊል ይደፍራል። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለ ገደላቸው ሰዎች ጌታችን ምን እንዳስተማረ የሚያውቅ ግን ከንፈሩን ይከለክላል። ገደላማ ምድር ውኃ ሲጠግብ ይናዳል፤ ይህ የአፈር ጠባይ ነው። እኔ የምጠይቃችሁ ስለ ሁለተኛው ንዳድ ነው፤ የጎረቤቱን ጩኸት ሰምቶ ወደ ዳገቱ የሮጠውን ሰውና ለደስታችን ወደ ዳገት የምንወጣውን እኛን በአንድነት አስቡአቸው።

አሁን ወደ ዳሞታ መንገድ ልመለስና ስለ አካሄዳችን ጥቂት ላሳስባችሁ። የገብሱን ማሳ አቋርጣችሁ መንገድ አታሳጥሩ፤ ለእናንተ አንድ እርምጃ የሆነው ለባለ ማሳው እንጀራ ነው። ሰዎች ለመጠጥ ከሚቀዱበት ምንጭ ጫማችሁን አትጠቡ። በእርሻው ላይ ያለውን ሰው በቋንቋችን «ሳሮ» ብላችሁ ሰላም በሉት እንጂ ሳትጠይቁት በስልካችሁ ፎቶግራፍ አታንሡት፤ እርሱ እንደ ዛፉና እንደ ጉሙ ለዕይታ የተተከለ አይደለም። ከሁሉም ይልቅ ግን ሸክም ይዞ ለሚወርድ ሰው መንገድ ልቀቁ። ይህን የመጨረሻውን የምጽፈው ከመጽሐፍ አግኝቼው ሳይሆን ራሴ በድዬ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር ከአንድ ወንድም ጋር ተቀያይሜ ነበርና ስለዚሁ ነገር ልጸልይ ማልጄ ወጣሁ። መጽሐፍ ቅዱሴን በብብቴ ይዣለሁ፤ ልቤ ግን ስለ ነገሩ ይሟገታል። መንገዱ በሁለት ግንብ መሰል አፈር መካከል በሚጠብበት ስፍራ አንዲት ሴት የባሕር ዛፍ እንጨት አዝላ ከላይ ትወርድ ነበር። እኔ ባዶ ጀርባዬን ይዤ ስወጣ ዘወር ማለት የሚገባኝ እኔ ነበርሁ፤ አሳቤ ሌላ ስፍራ ነበርና በመካከሉ ሄድሁ። እርስዋ ወደ ዳር ስትጠጋ እንጨቱ ከአፈሩ ጋር ተጋጨና በጕልበትዋ ተንበረከከች። እኔም «እናቴ፥ እግዚአብሔር ያበርታዎት» አልሁና አለፍሁ። እርስዋም እንደ ተንበረከከች «አሜን» አለች።

በተራራው ራስ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥሁ። የወንድሜን በደል ለእግዚአብሔር ልቈጥር በጀመርሁ ቍጥር ያ «አሜን» በጆሮዬ ይመጣል። የጸለይሁት ምርቃት ነበርን፥ ወይስ የሰውን ሸክም በሰው ጀርባ ላይ ትቶ ለማለፍ የተነገረ ጨዋ ቃል? ከዚያ በኋላ መጸለይ አልሆነልኝም። ተነሥቼ እየሮጥሁ ወረድሁ፤ በምንጩ አጠገብ ውኃ የሚቀዳ ልጅ ጠየቅሁ፤ እንጨት የተሸከሙት ሴቶች ሁሉ ወደ ገበያ ወርደዋል አለኝ። ወደ ገበያውም ሄድሁ። ሴቶቹ በየእንጨታቸው አጠገብ በተራ ተቀምጠው ነበር፤ ሸክማቸውን አውርደው፥ ቀና ብለው፥ እርስ በርሳቸው እየተጫወቱ። በመካከላቸው ሁለት ጊዜ ተመላለስሁ። አንዲቱ እንጨት የምገዛ መስሎአት ዋጋ ነገረችኝ። እኔ ግን ያየሁት ጐንበስ ያለች ጀርባ ብቻ ነበርና ከመካከላቸው የትኛዋ እንደ ሆነች ለማወቅ አልቻልሁም።