ቱንቢ ለማያውቅ ቤት ኩሽና መምረጥ

በእንግሊዝ አገር በኮትስዎልድስ አካባቢ በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከኖራ ድንጋይ የተሠሩ ብዙ ኮቴጆች ዛሬ ለዕረፍት እንግዶች ይከራያሉ። እዚያ የሚገባ ኩሽና የሦስት መቶ ዓመት ግድግዳም በየሳምንቱ የሚፈራረቅ እንግዳም መቻል አለበት።

በቅድሚያ ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ መሆን አለመሆኑ ይጣራል። ከ1700 እ.ኤ.አ. በፊት ተሠርቶ መልኩን ያልለቀቀ ቤት መመዝገቡ አይቀርም። በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ የተመዘገበ ቤትን ታሪካዊ ባሕርይ የሚለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው። በ1980ዎቹ የገባ ካቢኔት አውጥቶ በሌላ መተካት ብዙ ጊዜ አያስጠይቅም። ለጭስ መሳቢያ ግድግዳ መብሳት፣ የቆየ የወለል ድንጋይ ማንሳት ወይም የጥንቱን ምድጃ መድፈን ግን ያስጠይቃል።

ቀጥሎ ልኬት ይመጣል፤ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። የፋብሪካ ካቢኔት 30፣ 40፣ 50 ወይም 60 ሴንቲ ሜትር እያለ የሚሄደው ግድግዳው ቀጥ፣ ማዕዘኑም በስኳድራ የወጣ ነው ብሎ ነው። የኮቴጅ ግድግዳ ከታች ሆዱን ይነፋል፣ ከላይ ወደ ኋላ ይሸሻል። በሦስት ሜትር ግድግዳ ላይ ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ በ2 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ በጫፉ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይከፈታል። ወለሉም ቢሆን ድንጋዩ ብዙ እግር በረገጠው በኩል ሰርጉዷል። በአንድ ልኬት የተሣለ ንድፍ በወረቀት ላይ ያምራል፤ ካቢኔቱ ሲመጣ ግን የመጨረሻው ሣጥን አልገባም ይላል።

ስለዚህ ርዝመቱ በሦስት ከፍታ ይለካል፦ በወለሉ፣ ካውንተሩ በሚያርፍበት 90 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ በላይኛው ካቢኔት ትክክል። ለንድፍ የሚያዘው ትንሹ ቁጥር ነው። ከሁለቱም ጫፍ አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር ይተውና በኋላ አናጢው የግድግዳውን ቅርጽ ተከትሎ በሚቆርጠው እንጨት ይሞላል። ውሃ ልክ ከወለሉ ከፍተኛ ቦታ ላይ ይጀመራል፤ የካቢኔት እግር ሲረዝም እንጂ ከልኩ በታች ሲያጥር አይታይም። የድንጋይ ካውንተር ደግሞ ካቢኔቱ ቆሞ ሳያልቅ አይታዘዝ! ሻጩ ቢያስቸኩልም እንኳ እምቢ ይበሉ፤ አንዴ የተቆረጠ ግራናይት አይቀጠልም። ከንድፍ ሁሉ የሚበልጥ ርካሽ ዘዴም አለ፦ ካርቶን በካቢኔቱ ልክ ቆርጦ ወለሉ ላይ ማንጠፍና የፍሪጁን በር እንደከፈቱ ሆኖ በመካከሉ መመላለስ። የውጭው በርም ይለካ፤ ፍሪጁ የሚገባው በእሱ ነው።

እነዚህ ግድግዳዎች ውስጣቸው ክፍተት የሌለው፣ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚወፍሩ፣ በኖራ የተያያዙ ናቸው፤ እርጥበት ይጠጣሉ፣ መልሰውም ይተፋሉ። በሲሚንቶ ሲለሰኑ ወይም ካቢኔት ሲለጠፍባቸው እርጥበቱ መውጫ ያጣና የቺፑዱ ጀርባ ያብጣል፣ ይሻግታል። ከኋላ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት መተው፣ በታችኛው ዞኮሎ ላይም የአየር ቀዳዳ ማውጣት ይረዳል። ከግድግዳ ግድግዳ ከተያያዘ ካቢኔት ይልቅ ለብቻቸው የሚቆሙ ቁምሳጥኖችና አንድ ጠንካራ ጠረጴዛ ይሻላሉ። ለቤቱ መልክም የሚስማሙት እነዚህ ናቸው።

ቁሳቁስ ሲመረጥ የሚታሰበው እንግዳው ነው። ዘይት የጠጣ የእንጨት ካውንተር ያምራል፤ ነገር ግን እንግዳ ትኩስ ድስት ያስቀምጥበታል፣ እርጥብ ጨርቅም ይረሳበታል። ግራናይት ወይም ጥሩ ፎርማይካ ይችለዋል። አካባቢው የኖራ ድንጋይ ስለሆነ የቧንቧው ውሃ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ ጥቁር ቧንቧ በአንድ ወር ውስጥ ያስጠላል። እጀታ የሌለው፣ ተገፍቶ የሚከፈት ካቢኔት እንግዳውን ግራ ያጋባል። ብርጭቆና ሳህን በግልጽ መደርደሪያ ላይ ቢሆኑ ለማግኘት አሥር በር መክፈት አይኖርበትም። የጋዝ ምድጃ ካለ በሕግ በየዓመቱ በተመዘገበ ባለሙያ ይመረመራል፤ ኢንዳክሽን ከዚህ ያሳርፋል፤ ድስቶቹ ግን ማግኔት የሚይዛቸው ይሁኑ። ፍሪጅና የዕቃ ማጠቢያ ማሽን በካቢኔት ውስጥ የማይደበቁ፣ የተለመደ መጠን ያላቸው ቢሆኑ፣ ዓርብ የተበላሸው ቅዳሜ እንግዳ ሳይገባ ይለወጣል።

ሥራው የሚመቸው እንግዳ በሚቀንስበት በጥርና በየካቲት ነው። ካቢኔቱ በመከር ይታዘዛል። ካውንተሩ ከካቢኔቱ በኋላ ተለክቶ እስኪመጣ ኩሽናው ያለ ሲንክ ስለሚቆይ፣ ለፋሲካ ሰሞን ቦታ ማስያዝ የሚከፈተው ድንጋዩ ቦታው ላይ ካረፈ በኋላ ነው።