የእጅ ባለሙያን እንዴት እንርዳ?

ዲንሾ ገበያ ወጥተን ሌማት ወይም ጮጮ ስንገዛ የምንከራከረው በዋጋው ነው። የሠሪዋን ጊዜ ግን ማን ይከፍላል? ሣሩ የሚለቀመው፣ ቀለሙ የሚገዛው ዕቃው ከመሸጡ በፊት ነው። አዲስ ቅርጽ ልሞክር ብትል የዚያን ሳምንት የቤት ወጪ ከየት ታመጣለች? ስለዚህ የለመደችውን ትደግማለች።

ይህን ችግር ለማቃለል በልዩ ልዩ አገሮች የሚሠራባቸው ሦስት የድጋፍ ዓይነቶች አሉ። እነርሱም፦

1ኛ/ ማደሪያና መሥሪያ ቦታ። ባለሙያው ለተወሰነ ጊዜ ከሌላ ሐሳብ ተላቅቆ የሚሠራበት ነው። በአገራችን መስከረም አሰግድና ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት የዞማ ማዕከል ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ አበባ፣ መካኒሳ የተከፈተው ሙዚየሙም በጭቃና በጭድ፣ በነባሩ የግንባታ ሙያ የተሠራ ነው።

2ኛ/ የማይመለስ ገንዘብ። ለቀለም፣ ለመሣሪያና ለሙከራ ይውላል። ብድር አይደለም፤ ሙከራው ቢበላሽ ዕዳ የለም።

3ኛ/ የጥናት ዕድል። ባለሙያው ወጪው ተችሎለት ሙያውን የሚያጠናበት ወይም ለሌላው የሚያስተላልፍበት ነው።

ታዲያ ዲንሾ ምን አላት? የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጎብኚ አለ፤ የእጅ ሙያም አለ። የጎደለው የመሥሪያ ጊዜ ነው።

እኛም ነገ መምህራን ስንሆን አንዲት ባለሙያ እናት ለእጅ ሥራ ትምህርት ጠርተን በምስጋና ብቻ አንሸኛቸው። የዋሉበትን ቀን እንክፈላቸው። ትንሽ ቢመስልም ድጋፍ ማለት እኮ ይኸው ነው።

መወያያ፦ ትምህርት ቤታችን ለአንድ ባለሙያ የአንድ ወር ጊዜና ቦታ ቢሰጥ ተማሪዎቹ ምን ያተርፋሉ?