ከእድር የተነሣ ማኅበር

እህቶቼ፣ በዛሬው ትምህርታችን የአገራችን ሠራተኛ እንዴት ብሎ እንደተደራጀ እንማራለን። ለእኛ ምን ያደርግልናል የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ነገሩን ያነሣችው ባለፈው ጁምዓ ከመካ የመጣችው እህታችን ናት። የስምንት ወር ደመወዟ አልተከፈላትም። እዚህ ጅዳ ተሰብስበን አሥር አሥር ሪያል ስናዋጣላት፣ «አላህ ይስጣችሁ፤ ግን እዚህ አገር የሠራተኛ ማኅበር አይፈቀድም፣ ታዲያ እኛ ምንድን ነን?» አለችን። መልስ አጣሁ። ሳምንቱን ሙሉ ልብስ ስተኩስ ሳስብበት ሰነበትኩ።

መልሱ ያለው ወንጂ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው ኤች ቪ ኤ የሚባል የሆላንድ ኩባንያ ነው። በዚያን ጊዜ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋሚያ ሕግ አልነበረም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ስለ ማኅበር ቢጠቅስም በወረቀት ላይ ቀርቶ ነበር። እድርን ግን ማን ይከለክላል? የወንጂ ሠራተኞች በእድር ተሰባሰቡ። ለሐዘንና ለችግር እያዋጡ፣ በዚያው ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራቸው መመካከር ያዙ። ልብ በሉ፣ እድር አባል አለው፣ መዋጮ አለው፣ መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው። ማኅበርስ ከዚህ ሌላ ምን አለው?

ሕጉ የመጣው ከሰዉ በኋላ ነው። በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ የአሠሪና ሠራተኛ ድንጋጌ ቁጥር 49 ወጣ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው መሪ አቶ አበራ ገሙ ነበሩ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 210 ታወጀ። ይኸው ማኅበር ከየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ቀን አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ እስከ መምራት ደረሰ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኛ በዚያ ሕግ ውስጥ አልነበርንም። ማኅበር ለማቋቋም በአንድ ድርጅት 50 ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር። በአንድ ቤት አንዲት ሠራተኛ፣ 50 ከየት ይመጣል? ዛሬም የአገራችን የሠራተኛ አዋጅ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። እዚህም ከሠራተኛ ሕጉ ውጭ ሆነን በተለየ ደንብ ነው የምንተዳደረው።

ታዲያ የቤት ሠራተኛ መደራጀት አትችልም? ትችላለች። በአሜሪካ፣ አትላንታ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1881 ልብስ አጣቢ የሆኑ ጥቁር ሴቶች ማኅበር አቆሙ። ከባርነት ነፃ ከወጡ ገና 16 ዓመታቸው ነው። ሲጀምሩ 20 ነበሩ። በየቤቱ እየዞሩ ሲነጋገሩ በሦስት ሳምንት ወደ 3,000 ደረሱ። ለ12 ፓውንድ ልብስ አንድ ዶላር ካልተከፈለን አናጥብም አሉ። ታሠሩ፣ ተቀጡ፣ ግን አልተበተኑም።

እኛ እዚህ አድማ እንምታ ማለቴ አይደለም። እዚህ አድማ የሚያስከትለውን ሁላችንም እናውቃለን። እድር ግን አለን፣ ያውም መዝገብ ያለው። ጥፋቴን ልናገር፤ መዝገብ ያዥ ብላችሁ ስትመርጡኝ የጻፍኩት መዋጮ ብቻ ነው። የመካዋ እህታችን አቤቱታ ልታቀርብ ስትል የመጨረሻ ደመወዟን የተቀበለችበትን ቀን አላስታወሰችም፣ የኮንትራቷም ኮፒ የላትም። እኔ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ማስረጃ ነበር።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ደብተሩ ላይ እነዚህን እንጽፋለን፦

1. ሥራ የጀመርሽበት ቀንና የተስማማሽበት ደመወዝ፤
2. ደመወዝ የተቀበልሽበት ቀንና መጠኑ፣ በየወሩ፤
3. ኮንትራትሽና ኢቃማሽ ኮፒ መደረጉ።

እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ ደንብ ሥራ በቀን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲሰጥ፣ ፓስፖርትሽም በአሠሪ እንዳይያዝ ይላል። የማታውቅ ካለች ንገሯት።

ለውይይት፦ የወንጂ ሠራተኞች ሕጉ እስኪወጣ ቢጠብቁ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ጁምዓ መውጣት የማይፈቀድላት እህት በደብተሩ እንዴት ትገባለች?

ላልመጣችው አንብቡላት። በርቱ፣ በቸር ያገናኘን።