የኢታኖል ዋጋ በሊትር ወይስ በኪሎ ሜትር?

ከስኳር ሞላሰስ የሚወጣው ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ይደባለቃል ሲባል ነጋዴው ቶሎ የሚጠይቀው የሊትሩን ዋጋ ነው። መኪና የሚያሠራ ሰው ግን መጠየቅ ያለበት የኪሎ ሜትሩን ነው።

አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል ሲኖረው ኢታኖል 21 ብቻ አለው። አዲስ አበባ ላይ በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን መሸጥ ተጀምሮ ነበር። የ10 በመቶው ድብልቅ ኃይል ከንጹሕ ቤንዚን በ3 ከግማሽ በመቶ ገደማ ያንሳል። በቀን 20 ሊትር የሚቀዳ ታክሲ፣ ሞተሩ እንደ ቀድሞው ከሠራ፣ ከግማሽ ሊትር በላይ ይጎድልበታል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ይደከምበታል? ኢታኖል ቢጨመቅም ካንዴላው እሳት ሳይሰጥ በራሱ ቶሎ አይፈነዳም፤ ሞተር አያንኳኳም። ስለዚህ ፒስተኑ አጥብቆ እንዲጨምቅ አድርጎ ሞተሩን መሥራት ይቻላል፤ በደንብ የተጨመቀ ነዳጅ ደግሞ ከኃይሉ የበለጠውን ለጎማው ያደርሳል። ብራዚሎች እ.ኤ.አ. በ1979 በኢታኖል ብቻ የሚሄድ ፊያት 147 ለገበያ ሲያቀርቡ የተጠቀሙት በዚሁ ጠባይ ነው። እንዲያም ሆኖ የብራዚል አሽከርካሪ ዛሬም ማደያ ላይ ሒሳብ ይሠራል፤ የኢታኖል ሊትር ከቤንዚኑ 70 በመቶ በላይ ካወጣ ቤንዚን ይቀዳል። ቤንዚኑ 100 ቢሆን ኢታኖሉ ከ70 መብለጥ የለበትም።

ለቤንዚን የተሠራ አሮጌ ሞተር ግን ይህን ጥቅም አያገኝም። አንድ ኪሎ ቤንዚን ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ሲፈልግ ኢታኖል 9 ኪሎ ይበቃዋል። ካርቡሬተር ይህን ስለማይለይ ኢታኖል ሲበዛበት አየር ይተርፈዋል፤ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። (የአዲስ አበባ አየር ስስ በመሆኑ በቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ነዳጅ ያበዛል፤ ጥቂት ኢታኖል እንዲያውም ያርመዋል።) ኢንጀክሽን ያለው መኪና በጭስ ማውጫው ላይ ባለው መለኪያ እየተመራ ልኩን ራሱ ያስተካክላል።

ማደያ ወይም የራሱ ጋን ያለው ደግሞ ውሃን ይፍራ። ውሃ ከገባ ኢታኖሉ ቤንዚኑን ትቶ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይዘቅጣል፤ መኪናው የሚቀዳውም ያንኑ ነው።