በአንድ ጽዋ መጠጣት፦ የጣናን ነባር ሕዝብ ነገደ ወይጦን ስለ ማክበርና ስለ መርዳት

የሚነበብ የእግዚአብሔር ቃል፦ ዮሐ. 4፡1-42፤ የሐዋ. 10፡1-48፤ ያዕ. 2፡1-9

መግቢያ

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ መንገድ አድክሞት በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ በተቀመጠ ጊዜ፣ ውሃ ልትቀዳ የመጣችውን ሳምራዊት ሴት አስቀድሞ አላስተማራትም፤ አስቀድሞ ለመናት። የሚጠጣ ውሃ ከእርስዋ ጠየቀ። ሴቲቱም እጅግ ተደነቀች፤ አይሁድ ከሳምራውያን ጋር በአንድ ዕቃ አይጠቀሙም ነበርና። መቅጃው የእርስዋ ነበር፤ ውሃውም የሚመጣው ከእርስዋ እጅ ነበር። ጌታችን በዚህች አንዲት ልመና ብዙ ዘመን የቆየውን የመለያየት ግድግዳ ነካው።

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በአገራችንም በልዩ ልዩ ስፍራ፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ የተደረጉ ወገኖች አሉ። በከፋ የሚኖሩት ማንጆ፣ በሌላም ስፍራ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ይህን መከራ ያውቁታል። በዚህ ትምህርት በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩትን ነገደ ወይጦን እንመለከታለን፤ በሌላ ስፍራ ያላችሁ አንባብያን ደግሞ የየአካባቢያችሁን ወገኖች እያሰባችሁ እንድታነቡት እንለምናለን።

1. ነገደ ወይጦ እነማን ናቸው?

ነገደ ወይጦ በባሕር ዳርና በሌሎችም የጣና ዳርቻዎች የሚኖሩ፣ ኑሮአቸውን ከጥንት ጀምሮ ከሐይቁ ጋር ያቆራኙ ሕዝብ ናቸው። ደንገል አጭደው፣ አድርቀውና አስረው ታንኳ ይሠራሉ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ድንጋይ ጠርበው ወፍጮ ያወጣሉ። ሴቶቹም ቅርጫትና ሰፌድ በመሥራት ቤታቸውን ይደግፋሉ። አብዛኞቹ የእስልምና እምነት ተከታዮች ናቸው።

በቀድሞ ዘመን ጉማሬ እያደኑ ሥጋውን ይበሉ ነበር። በዚህም ምክንያት ጎረቤቶቻቸው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ «ርኩሳን» እያሉ ከማዕድና ከጋብቻ አራቋቸው። ጉማሬ ማደን በሕግ ተከልክሎ የጥንቱ አዳኝነት ከቀረ በኋላ እንኳ ንቀቱ አብሮ አልቀረም። እንግዲህ ምክንያቱ ሲጠፋ ፍርዱ ከቀረ፣ ፍርዱ መጀመሪያውኑ በምግብ ላይ ሳይሆን በሰው ላይ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሕዝብ ቋንቋውንም አጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ወደ ጣና አገር የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ወይጦዎች ከአገሩ ቋንቋዎች ሁሉ ፈጽሞ የተለየ ቋንቋ እንደነበራቸው ጽፏል። ቋንቋቸውን ለመመርመር ንጉሡን ለምኖ ሁለት ሰዎች አስጠራ፤ ሰዎቹ ግን እንደሚሰቀሉ እንኳ ተዝቶባቸው የተጠየቁትን አልመለሱም፤ የተረዱትም አልመሰሉም። እ.ኤ.አ. በ1907 ጀርመናዊው ምሁር ኦይገን ሚትቮኽ ስለ እነርሱ በጻፈ ጊዜ ሁሉም የሚናገሩት አማርኛ ነበር። የቀደመውን ቋንቋ የሚናገር ሰው ዛሬ የለም።

ወገኖቼ፣ ሁለቱን ጥያቄዎች እናነጻጽር። አንዱ ሰዎችን በዛቻ አስጠርቶ ጠየቀ፤ ምንም አላገኘም። ጌታችን ግን ወደ ሴቲቱ ስፍራ ሄዶ፣ ተጠምቶ ጠየቀ፤ ልብዋንም ከፈተችለት። ነባር ሕዝብን ማክበር የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ይኸውም ለመስጠት ከመቸኮል በፊት ለመቀበል ዝቅ ማለት ነው።

2. ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች?

ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ያየው ራእይ ስለ ምግብ ነበር። ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት በገባ ጊዜ ግን እግዚአብሔር ያስተማረው ስለ ሰው መሆኑን ተረዳ፤ ማንንም ሰው ርኩስ ብሎ መጥራት እንደማይገባው መሰከረ። በምግባቸው ምክንያት ስለ ተናቁ ወገኖች ከዚህ የበለጠ ግልጽ ትምህርት አናገኝም።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው «ኖስትራ ኤታቴ» በተባለው መግለጫ፣ ቤተ ክርስቲያን ሙስሊሞችን በአክብሮት እንደምትመለከት፣ በዘር፣ በቀለም፣ በኑሮ ደረጃ ወይም በሃይማኖት ሰውን መለየትንም እንደምታወግዝ አስተምሯል። ነፍሰ ኄር ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው፣ በነባር ሕዝቦች መሬት ላይ ታላላቅ ሥራዎች ሲታቀዱ ከሁሉ አስቀድሞ እነርሱን ማማከር እንደሚገባ አሳስበዋል።

ቤተ ክርስቲያን ይህን የምትናገረው የራስዋን በደል ሳትሸሽግ ነው። በካናዳ ከ19ኛው መቶ ዘመን እስከ 1990ዎቹ ድረስ ከ150,000 በላይ የነባር ሕዝቦች ልጆች በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ገብተው ከቤተሰባቸው፣ ከቋንቋቸውና ከባህላቸው እንዲለዩ ተደርገዋል። ከትምህርት ቤቶቹ ብዙዎቹን ያስተዳድሩ የነበሩት የካቶሊክ ማኅበራት ናቸው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 2022 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ወደ ማስክዋቺስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። እንግዲህ በጎ ማድረግ የሚፈልግ ሰው እንኳ የሚረዳውን ወገን ካላከበረ ሊያጠፋው ይችላል።

3. ምን እናድርግ?

ሀ. ስማቸውን በአክብሮት እንጥራ። የሕዝብ ስም ለስድብ ሲውል ዝም ብሎ መስማት ተባባሪነት ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህር በልጆች አፍ እንዲህ ያለውን ቃል ሲሰማ በዚያው ሰዓት ያርም፤ ምክንያቱንም ያስረዳ።

ለ. ከማዕዳቸው እንቋደስ። ለድኻ እህል መስፈር ቀላል ነው፤ በቤቱ ተቀምጦ በእርሱ ጽዋ መጠጣት ግን ልብን ይጠይቃል። ሲጋብዙን እንሂድ፤ በሠርግና በለቅሶ እንገኝ፤ እኛም ስንደግስ ከሌላው እንግዳ ጋር እኩል እናስቀምጣቸው። ቅዱስ ያዕቆብ በጉባኤ ወንበር ማበላለጥን ኃጢአት ብሎታልና።

ሐ. የእጃቸውን ሥራ በተገቢው ዋጋ እንግዛ። ሰፌዱን የሠራችው እናት ለዕለት ጉርስ መቸገርዋን አይተን ዋጋ ብናስወርድ፣ ያተረፍነው ከልጆችዋ አፍ ነው።

መ. ከእነርሱ እንማር። የደንገልን ጠባይ፣ የሐይቁን ማዕበልና የዓሣውን ወቅት ከእነርሱ አረጋውያን የበለጠ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ወጣቶቻችን እየሄዱ ይጠይቋቸው፤ አረጋውያኑ ከፈቀዱም የሰሙትን ይጻፉ። ቋንቋው ሳይጻፍ ጠፍቷል፤ ዕውቀቱ እንዲሁ እንዳይጠፋ።

ሠ. በመሬትና በውሃ ጉዳይ ከጎናቸው እንቁም። የከተማው መስፋፋት ከሐይቁ ዳር ያርቃቸዋል፤ የደንገሉ ስፍራ በእርሻ እየተያዘ ይጠባል፤ እምቦጭ የተባለውም አረም ሐይቁን ያስጨንቃል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ሥራ ምክንያት የተፈናቀሉ ተመጣጣኝ ማካካሻ እንዲያገኙ መብት ይሰጣል። ሕግ የሚያውቅ ምዕመን ይህን ያስረዳ፤ መጻፍ የሚችል አቤቱታቸውን እነርሱ እንዳሉት ይጻፍላቸው። የሚናገሩት ግን እነርሱ ይሁኑ።

ረ. እርዳታን ለሃይማኖት መለወጫ አናድርግ። ፍቅር ዋጋ አይጠይቅም። የልጆቻቸውን ትምህርት ስንደግፍ ከሽማግሌዎቻቸውና ከመስጊዳቸው አባቶች ጋር ተመካክረን ይሁን።

4. ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1ኛ. በአካባቢያችን ከማዕድ የተለዩ ወገኖች እነማን ናቸው? ምክንያቱስ ምን ይባላል?
2ኛ. ከእነርሱ ቤት ገብቼ በልቼ ወይም ጠጥቼ አውቃለሁን? ካልሆነስ የከለከለኝ ምንድን ነው?
3ኛ. ቁምስናችን እስከ ዛሬ ስለ እነርሱ ሲወስን እነርሱን ጠይቆ ያውቃልን?

መደምደሚያ

ጌታችን ውሃ በለመነበት መንደር ሁለት ቀን ተቀመጠ። በእነርሱ ቤት አደረ፤ ከእነርሱ ጋር ሰነበተ። እኛም በሚቀጥሉት ሦስት ወራት እያንዳንዳችን ቢያንስ አንድ ጊዜ የተናቀውን ጎረቤታችንን ቤት እናንኳኳ። ስንሄድ የምንሰጠውን ብቻ ይዘን አንሂድ፤ የምንጠጣውን ውሃ ደግሞ ከእርሱ እንለምን።